ሥሩ ዝገት፣ ጫፉ ከሰል ስለሆነው ፀጉሬ

ረቡዕ፣ የወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን። የጠዋት ሽያጭ፦ ሁለት ማበጠሪያ፣ አንድ የፀጉር ቅባት። የፀጉር ቀለም፦ ምንም። ተመላሽ፦ አንድ ፓኬት።

ለተከበሩ የገበያ አዳራሻችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ትናንት የሰው አናት ለማየት ሲንጠራራ ያረፈደውን አንገትዎን ደህና ያድርግልኝ። እኔ ከመግቢያው በር በስተቀኝ፣ በፊተኛው ረድፍ የፀጉር ዕቃ የምሸጠው ነጋዴ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ማለቴ ነው። ይህን የምጽፈው ውሳኔዎ ይቀየራል ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎ ዘመን ሆኖ አያውቅም። በሰሌዳው ላይ ከማስታወቂያዎ ጎን የምለጥፈው ምስጋናዬን ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ በፊተኛው ረድፍ የሚቀመጡ ነጋዴዎች «ለአዳራሹ ገጽታ የሚመጥኑ» እንዲሆኑ መመሪያ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ባለፈው በሱቄ በኩል ሲያልፉ ሽበቴን አይተው፣ «እማማ፣ አሁንስ አረፍ ቢሉ አይሻልም?» ያሉኝንም አልረሳሁም። በዕድሜ ብዙም ባንበላለጥ እናትነቱን በደስታ ተቀብያለሁ። ፀጉሬ በእርግጥ ለወራት ሳይነካ ቆይቶ ሥሩ ሦስት ጣት ያህል ነጭ፣ የቀረው ደግሞ የድሮው ቀለም እየለቀቀ ቀይ ሆኖ ነበር። የፀጉር ቀለም ለሚሸጥ ሰው ማስታወቂያው የራሱ አናት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰዓቱ። ገጽታችንን የሚመረምረው ኮሚቴ ትናንት ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ የሚናገረውን ማስታወቂያዎን አምኜ (ማመኔን እባክዎ ከጥፋቶቼ ጋር ይደምሩልኝ) ሱቁን ለታናሽ እህቴ ትቼ ጠዋት ቤቴ ቀረሁ። ሐሳቤ ለደንበኞቼ የምነግራቸውን በራሴ ላይ መሥራት ነበር። ሽበት ቀለም ቶሎ ስለማይቀበል መጀመሪያ ሥሩ ብቻ ተቀብቶ ይቆያል፤ ቀድሞ የተቀባው ርዝመት ግን ቀለም እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ፣ ሊታጠብ ጥቂት ሲቀረው ብቻ በስሱ ይዳረሳል። ሥሩን ቀብቼ እንደጨረስኩ እህቴ ደወለች፦ «እትዬ፣ ሰውዬው ኮሚቴውን አስከትሎ መጥቷል! ባለቤቱ ያልተገኘችበት ሱቅ እንደ ባዶ ይቆጠራል እያለ ነው፤ እንዳለሽ ነይ!» የቀረውን ቀለም ከላይ እስከ ታች ዝቄ ለቀለቅኩት፤ ሥሩ ሳይዝ ጫፉ ጠጥቶ ሲጠግብ ታጥቤ ሮጥኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራው ጥልቀት። ከአናቴ እስከ ጆሮዬ ዝገት፣ ከጆሮዬ ወዲህ ከሰል ሆኜ ውሃ እየተንጠባጠብኩ ስደርስ፣ ጎረቤቴ ባለጫማው እንኳ «እቱ፣ የታችኛዋን አውቃታለሁ፤ ከላይ ያለችው ማን ናት?» ብሎ ኮሚቴውን አሳቀው። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ ስለ ጨዋነትዎ አመሰግናለሁ። መደርደሪያዬን ሳያዩ፣ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ልያዝ አልያዝ ሳይጠይቁ፣ «ገጽታ፦ አይመጥንም» ብለው ጽፈው በመጋዘኑና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ያለውን ቦታ ሰጡኝ።

አራተኛ፣ ስለ አዲሱ ቦታዬ። መስኮት የለውም። እዚያ ቡናማውና ጥቁሩ አንድ ስለሚመስሉ ማንም ደንበኛ መልኩን መርጦ ቀለም አይገዛም፤ ከቀለም ሌላ ደግሞ የእኔንና የእህቴን ቤት የሚያኖር ዕቃ የለኝም። ከእኔ በፊት ወደዚያ የተላኩት ባለመስታወቱና ባለክሯ ዛሬ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ፓኬቷን ዛሬ የመለሰችው ደንበኛም፣ «እናንተ ቤት ተገዝቶ እንዲህ ከሆነስ ይቅርብኝ» ብላ አናቴን በጣቷ አሳየችኝ። ገንዘቧን መልሼ ሸኘኋት።

ይግባኝ እንድል የመከሩኝ ነበሩ። የይግባኝ ሣጥኑ ቢሮዎ ውስጥ፣ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ፣ ሰብሳቢውም እርስዎ ስለሆኑ፣ አንድን ሰው በሦስት በኩል ማድከም ነውር መሰለኝና ተውኩት።

ጤናና ዕድሜ ሰጥቶዎት፣ ፊተኛው ረድፍ ባለቤት አጥቶ ገጽታው ብቻ እስኪቀር ድረስ እንዲያስተዳድሩን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞዋ የፊተኛው ረድፍ ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ሹፌርዎ በየወሩ «የአለቃዬ አክስት ልካኝ ነው» እያለ የሚወስደው ጥቁር ቀለም ከነገ ጀምሮ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ይገኛል። ትናንት ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ከጆሮዎ በላይ እንዳየሁት፣ የአክስትዎ ሥር አንድ ጣት ነጥቷል፤ ጫፉም ከመደራረቡ ብዛት ሰማያዊ እየመታው ነው። በዚህ ወር ሥሩን ብቻ ይቀቡላቸው።

ነገ፦ በማለዳ ጋሪ ተከራይቶ ዕቃውን ወደ ኋለኛው ረድፍ ማዞር።