ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ከወንበራቸው ለሚነሡት የክለባችን ሰብሳቢ

ለተከበሩ የከተማችን እግር ኳስ ክለብ የቦርድ ሰብሳቢ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ የክብር ትሪቡኑን ደረጃ ለመውረድ፣ ጉሮሮዎም ሜዳ ዳር ቆሞ ለመጮህ እንደ ወትሮው ብርቱ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደጋፊዎችዎ ደኅና ነን፤ ወደ ታችኛው ሊግ ከመውረድ በቀር የሚያሰጋን ነገር የለም።

ይህን የምጽፍልዎ ከስታዲየሙ ጀርባ ብረት የምበይድ፣ የክለባችንም ግብ ጠባቂ አጎት፣ የእናቱ ወንድም የሆንኩ ሰው ነኝ። ዝምድናዬን ከወዲሁ የምናገረው፣ በኋላ «ለእህቱ ልጅ አድልቶ ነው» ለማለት እንዳይደክሙ ነው። አዎን፣ አድልቻለሁ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

እንደሚታወቀው ክለባችን እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ድረስ ሲታይ ማንም የማይደፍረው ክለብ ነው። የኳስ ሕግ አውጪዎች ጨዋታውን እዚያ ላይ ቢያቆሙልን ኖሮ ይኼኔ ዋንጫ ይዘን በከተማው እንዞር ነበር። የሚጎዱን የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ናቸው። ክቡርነትዎም የችግሩን ሥር መርምረው ሰኞ ዕለት በሬዲዮ ቀርበው «ግብ ጠባቂው መጨረሻ ላይ ያንቀላፋል» ሲሉ አስረድተውናል፤ በሊጉ ለመቆየት በምንጫወተው የቅዳሜው ጨዋታ እንደማይሰለፍ፣ ከዚያም እንደሚሰናበት አብስረውናል። ስለዚህ ጥልቅ ትንታኔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ግብ ጠባቂው አንቀላፍቶ ያላያቸው፣ እኔ ግን ነቅቼ ያየኋቸው ጥቂት ነገሮች ስላሉ፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ አወራረድዎ። ቡድናችን እየመራ ሰማንያኛው ደቂቃ ሲደርስ፣ ክቡርነትዎ ድሉን በቅርብ ለመቀበል ከመቀመጫዎ ይነሣሉ። ጸሐፊዎ ወንበርዎን ከነትራሱ ተሸክሞ ይከተላል፤ ፎቶ አንሺው ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ የኋሊት እየተራመደ ይቀድማል፤ እንዲህ ሆናችሁ በሽቦ አጥሩ ክፍተት ሾልካችሁ ሜዳ ዳር ትደርሳላችሁ። ያን ጊዜ ተቀያሪው ሁሉ ብድግ ይላል። አሰልጣኙም የጃኬቱን ቁልፍ ቆልፎ፣ እጅ ነሥቶ፣ የቆመበትን ቦታ ይለቅልዎታል። ይህ ሁሉ መልካም አስተዳደግ ነው። ኳስ ግን ባለጌ ናት፤ ለትልቅ ሰው ብላ አትቆምም። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያው ጎል የገባብን አሰልጣኙ ትራስዎን እያስተካከለ ሳለ ነበር።

2ኛ. ስለ ትእዛዝዎ። አሰልጣኛችን ሳምንቱን ሙሉ ለተከላካዮቹ የሚያስተምራቸው አንድ ነገር ነው፤ ስንመራ ቦታችሁን ያዙ፣ አትውጡ። ክቡርነትዎ ግን አንድ ለባዶ ለፎቶ ስለሚያንስብዎት ይመስለኛል፣ እንደ ደረሱ «ውጡ! አጥቁ! ምን ይገትራችኋል?» ይላሉ። እኛ «ግንቡ» የምንለው አምበላችንና አጠገቡ ያለው ተከላካይ የአሰልጣኙን ሰምተው ይቆማሉ። የቀኝና የግራ ተከላካዮች ወጣቶች ናቸው፤ ውላቸውን የሚፈርመው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ የእርስዎን ሰምተው ይሮጣሉ። በእነርሱ አልፈርድም። ሁለቱ ወጡ፣ ሁለቱ ቀሩ፤ የተጋጣሚው አጥቂም አክስቱ ቤት እንደሚገባ ሰው ሳያንኳኳ ይገባል። ያንቀላፋል የተባለው የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ ብቻውን ቆሞ «ተመለሱ!» እያለ ይጮሃል። አንቀላፍቶ እንደዚያ የሚጮህ ሰው ካለ፣ ሐኪም ቤት እንጂ ሬዲዮ ጣቢያ አያስፈልገውም።

3ኛ. ስለ ባለቤትዎ ወንድም። እኚህ ተጫዋች ሁልጊዜ እርስዎ ሜዳ ዳር በደረሱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ግንቡን ቀይረው ይገባሉ። ማልያቸው ሲገቡም ንጹሕ ነው፣ ሲወጡም ንጹሕ ነው፤ ለአጣቢዋ ላሳዩት ርኅራኄ ሊመሰገኑ ይገባል። በፎቶውም ላይ ሁልጊዜ መሐል ላይ ናቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው ብዬ እንዳልናገር የቤተሰብ ነገር ሆኖ ያዘኝ።

4ኛ. ስለ ሬዲዮው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የልጇ ክለብ ሊወራ ነው ብላ ያን ዕለት የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አድርጋ ነበር፤ ልኬት የሚወሰድላት ደንበኛም ፊቷ ቆማለች። ክቡርነትዎ «ያንቀላፋል» ሲሉ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሬዲዮኑን ዘጋች። ያን ቀን የሰፋችው ኮት ቀኝ እጅጌው በግራ ገብቶ ተገኘ። ልጁም ከዚያ ወዲህ በዋናው መንገድ አያልፍም፤ ጠዋት በጓሮ በኩል እኔ ዘንድ ይመጣና ብረት ያቀብለኛል፣ ማታ በዚያው ይመለሳል። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በር መሐል ከመቆም ሌላ ነገር ያልተመኘ ልጅ ነው። ይህን ስጽፍ መቀለድ አቃተኝ፤ ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። ቦርድዎ ውስጥ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ነገር ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ዱላው ልጁ ላይ አረፈ። በተረቱ ውስጥ ያለው አህያ ማን እንደሆነ እኔ አልተናገርኩም።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስዎ፤ ባለፈው ወር ከሜዳችን ውጭ የተጫወትን ዕለት ክቡርነትዎ ሠርግ ተጠርተው አልመጡም። አንድ ልጅ በቀይ ወጥቶብን፣ ዝናብ እየወረደብን፣ አንድ ለባዶ መርተን አንድ ለባዶ ወጣን። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እንዴት አሰልቺ እንደነበሩ ልነግርዎ አልችልም። ማንም አልወጣም፣ ማንም አልገባም፤ ግንቡ ቆመ፣ የእህቴ ልጅም የመጣችውን ኳስ ሁሉ አቀፋት። አጋጣሚ ነው ይሉኝ ይሆናል። እንግዲያው ለሁላችንም ብለው ቅዳሜ አንድ ሠርግ ይፈልጉ። ሠርግ ከጠፋ እኔ ራሴ ሁለተኛ ለማግባት ዝግጁ ነኝ፤ ባለቤቴም ለክለቡ ስትል ፈቅዳለች።

የምለምንዎ ጥቂት ነው፤ ልጁ ቅዳሜ ይሰለፍ፣ በሰደቡበት ሬዲዮም ስሙን ይመልሱለት፣ እርስዎም እስከ መጨረሻው ፊሽካ ይቀመጡ። መቀመጥ ከሁሉም የሚቀልል ሥራ ነው፤ ለቦርድ ሰብሳቢነት የመረጥንዎም ለዚሁ ነበር።

ወንበርዎ ይመችዎ፣ ትራስዎ ይለስልስ፣ ሠርግ ጠሪም አያሳጣዎት እያልኩ፣ ከማይለካ አክብሮት ጋር፤

የግብ ጠባቂው አጎት፣ በያጁ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ተመልካች ወደ ሜዳ እንዳይገባ በሽቦ አጥሩ ክፍተት ላይ እንድሠራ ያዘዙኝ የብረት በር ተጠናቋል፤ ዓርብ እተክለዋለሁ። በትእዛዝዎ ላይ «ማንኛውም ተመልካች» ስለሚል፣ መቀርቀሪያውን በሜዳው በኩል አድርጌዋለሁ። ቁልፉ ከእህቴ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከበሩ ሥር ትቀመጣለች፤ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ቢያንኳኩ ግን፣ እንደ ልጇ ታንቀላፋ ይሆናል።