በጋቢናው በኩል ስለጠፋው የእግር ሙቀት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ በላይነህ፣ ኮተቤ ለሚገኘው ጋራዥ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ በተለይም ዘወትር ሞቃት ጫማ ውስጥ የሚውሉት እግሮችዎ ደኅና እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኔ ደንበኛዎ ደኅና ነኝ፤ መኪናዬም ደኅና ናት ብለውኛልና ደኅና ናት።

በአደባባይ መጻፌን ከድፍረት አይቁጠሩብኝ። በአካል ስመጣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ የተጠራቀመ ምስጋናዬን በዚህ መንገድ ላቀርብልዎ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፦ እናቴን ወይዘሮ የማርያምወርቅን ታመው ክረምቱን ሙሉ እንጦጦ ጠበል ሳመላልሳቸው፣ በጋቢናው በኩል ከእግር ሥር የሚወጣው ሞቃት አየር የሕፃን ትንፋሽ ያህል እንኳ ጉልበት እንደሌለው አመልክቼ ነበር። ጠበል የነካውን ገላ በፎጣ ማድረቅ ነውር መሆኑን እርስዎም አይስቱትም። እናቴ ካልሲ እንኳ እምቢ ብለው፣ በራሱ ይድረቅ እንጂ አይጠረግም እያሉ፣ እርጥብ እግራቸውን አየር መውጫው ላይ ደቅነው እስከ ካራ ቤታችን ድረስ ይንቀጠቀጡ ነበር። እርስዎም በስልክ ጋቢ ደርቢላቸው ብለው መክረውኛል። ጋቢ የሚባል ነገር መኖሩን ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ዱቤ የሚባለው መካኒክዎ ማሞቂያውን ሊፈትሽ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የራሱ እግር ስለሞቀው ብቻ ይሠራል ብሎ ፈርሟል። የጋቢናው ቱቦ በባሕር ዛፍ ቅጠል ሳይዘጋ አይቀርም ብዬ ብጠቁመው፣ ሴት ስለ ቱቦ መናገሯ ብዙ አሳቀው። ሰውን ማሳቅ ጽድቅ ነውና አልተቀየምኩም።

፫ኛ፦ እናቴ ነሐሴ ላይ አረፉ። አርባቸውን ካወጣን ወዲህ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ስከፍት፣ ማንም ያልተቀመጠበት የጋቢናው ምንጣፍ ርሶ አገኘዋለሁ። አደርቀዋለሁ፤ በማግሥቱም ይርሳል። የማሞቂያው ራዲያተር አፍስሶ ይሆናል ብለው በስልክ የነገሩኝን ለማመን ብዙ ደክሜአለሁ። የራዲያተር ውሃ ባለ ቀለም ነው፤ ይህኛው ግን ቀለም የለውም፤ የሚሸተውም ዝናብ የመታው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው። እፈራለሁ፣ አቶ በላይነህ። የእናቴ መምጣት ግን ያን ያህል አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ መጥተውም እግራቸው አለመሞቁ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አመጣለሁ። ቱቦው ተፈቶ ይጠረግልኝ፤ ሙቀቱም በጋቢናው በኩል ይፈተሽልኝ። በሕይወት ሳሉ ያላደረግንላቸውን አሁን እንኳ እናድርግላቸው።

ፈጣሪ የወንበርዎን ምቾት እንዳያጓድልብዎ እየለመንኩ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ከዝቅተኛ ሙቀት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሸዋረጋ ፀሐዬ
ከካራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ ብቻዬን መጥቼ፣ መኪናዋን ግቢዎ አቁሜ ቢሮዎ በር ላይ ስጠብቅ፣ የእናቴን ማረፍ ያልሰሙት ዘበኛዎ ጋሽ ነገሳ ቀርበው፣ እናትሽ በዚህ ብርድ ጋቢና ውስጥ ከሚቀመጡ ወንበር ላውጣላቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከግቢዎ ሰው ሁሉ ለእናቴ ያሰቡላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ላስደነግጣቸው አልፈለግሁም። አቶ በላይነህን እየጠበቁ ነው አልኳቸው።