ፊቴን የሸፈንኩለት ሰው

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ቤተሰብ ዘንድ ደርሼ ስንቄን ይዤ ተመለስኩ። ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም በእህል መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። እማየ እንደ ልማዷ ጭንቅላቴን በቅቤ አርሳው ስለነበር የመንገዱ አቧራ በሙሉ እኔ ላይ ቀረ። ፊቴን ስታጠብ ግንባሬ እጄን ጎረበጠው። ሌላ ወጥቷል… ያውም ከነጓደኞቹ።

ቻይነሽ መስተዋቱን ቀማችኝ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው፣ አብረን ነው አሥራ አንደኛ ክፍል የምንማረው፣ እሷ ግን ብጉር የሚባል ነገር አታውቅም። "ይሄ የይሄይስ ነው" አለች ትልቁን እያሳየችኝ። "ይሄም የይሄይስ። ይሄኛው ግን… ስንዱ፣ ሌላም ሰው ወደሻል መሰለኝ!"

ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ብጉር የናፍቆት ነው ይላል ሰው ሁሉ። ታዲያ የኔ ናፍቆት በግንባሬ በኩል ነው መውጣት ያለበት? እንባ አይበቃውም ነበር?

ይሄይስ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው በግንቦት ነው። ያኔ ፊቴ ንጹሕ ነበር። እሱ የሚያውቀው ያችን ስንዱን ነው።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ስመለስ እትዬ እማዋይሽ ጠሩኝ። የይሄይስ እናት። ጌሾ ከሚሸጡበት ደጃፍ ላይ ሆነው በእጃቸው ጠቀሱኝ።

"ሥልጠናው አልቋል አሉ። ወደ ጎንደር ሊወስዷቸው ነው። በዚሁ ነው አሉ የሚያልፉ።"

"መቼ?"

"በታኅሣሥ ይሆናል… እንጃ። መድኃኔ ዓለም ዓይኑን ያሳየኝ እንጂ።"

በዚሁ! በዋናው መንገድ፣ በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር! ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። ከዚያ መስተዋቱን አየሁ።

በዚህ ፊት?

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ለስንቅ ማንኩሳ ሄድኩ፤ እማየ ግንባሬን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። "ደምሽ ፈልቷል፣ የኔ አካል። ዕድሜሽ ነው። መብረድ አለብሽ።"

የሚያበርደው ደግሞ ምን ይሆን? ቅቤ። ለጋውን አምጥታ አናቴ ላይ አኖረችልኝ፣ የጡጫዬን ያህል። ፀሐይ ላይ አስቀመጠችኝ። እየቀለጠ በግንባሬ ወረደ፣ በጆሮ ግንዴ ወረደ። ልጠርገው ስል እጄን መታችኝ። "ተይው! ይግባልሽ።"

ልብስ ሳጣጥፍ ከአባየ ጋር ስታወራ ሰማሁ። ለኔ ከሽንዲ በኩል ሽማግሌ ሊላክ ነው። ልጁ ጥሩ ገበሬ ነው፣ ዘሩም ደህና ነው… "ፊቷ እኮ ተናገረ፣ ቢሆነኝ። ምን እንጠብቃለን?" አለችው በስሙ ጠርታ።

ፊቷ ተናገረ! እኔ አፌን ዘግቼ ፊቴ ተናገረብኝ። ግን ስለ ማን እንደሚናገር አንድም ሰው አልጠየቀም።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

አፈረጥኩት። አላስቻለኝም።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

አብጧል። ሽንብራ የነበረው ባቄላ ሆኗል፣ ሲነኩት ይመታል። የሒሳብ መምህራችን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ግንባሬን ነው የሚያዩት፤ መልሱ እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል።

ይሄይስ ቢሆን ምን ይል ነበር? አንድ ጊዜ እግሬን እሾህ ወግቶኝ ሳነክስ አብሮኝ አነከሰ። ሰው ሁሉ ሳቀብን። እሱ ግን እስከ ቤቴ ድረስ አላቋረጠም።

ናፈቀኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ሎሚ በጨው። ቻይነሽ ናት ከየት እንደሆነ እንጃ ሰምታ የመጣችው። እሷው ጨምቃ እሷው ፊቴን አሸችኝ። ዓይኔ ጠፋ! "አቃጠለኝ!" ስላት "እየሠራ ነው" አለችኝ። ታጠቢው አላለችኝም፣ እኔም አልታጠብኩም። ከዚያ የቀበሌ ሰልፍ ነው ተባልንና ወጣን። መፈክር እያሰማን ቆመን ዋልን፣ ያ ሁሉ ፀሐይ… ፊቴ ላይ ሎሚው እየደረቀ።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ቆዳዬ ተላጠ። ግራ ጉንጬ ጠቁሯል፣ ግንባሬ ቀልቷል፣ ብጉሩ እንዳለ አለ። ቻይነሽ አለቀሰች። እኔ ነኝ ያባበልኳት፣ ይገርማል!

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አሞኛል በይ አልኳት።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

መጡ።

ልጻፈው።

ቻይነሽ እየሮጠች ገባች። "ወታደሮቹ መጥተዋል! ይሄይስ አለ፣ በዓይኔ አየሁት!" ተነሣሁ። መስተዋቱ ጋ ደረስኩና ቆምኩ። መሄድ አልችልም። መቅረትም አልችልም። ነጠላዬን አነሣሁና ፊቴን ጠቀለልኩት፣ ከዓይኔ በቀር ምንም እስከማይታይ። እንዲህ ከሆነ እኔ አየዋለሁ፣ እሱ ግን ፊቴን አያይም አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

መንገዱ ሰው በሰው ነው። እትዬ እማዋይሽ ከመኪናው ሥር ሆነው እጁን ይዘውታል። ከስቷል። ፀጉሩን ላጭተውታል። ጆሮው ግን ያው ጆሮው ነው፣ ያ ተለቅ ያለው። ከባሕር ዛፉ ሥር ቆምኩ። ቀና ሲል አየኝ… በቁመቴ አወቀኝ። እጁን አነሣ። ደስ ብሎት ነበር፣ ምዬ እናገራለሁ፣ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ነጠላዬን አየ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ጎንበስ ብሎ እናቱን አንድ ነገር ጠየቃቸው፣ እሳቸውም መለሱለት። ከዚያ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ለምን? ምን አደረግኩ? መኪናው ሄደ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

እትዬ እማዋይሽ ዘንድ ሄድኩ። ተሸፋፍኜ እንደገባሁ "እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይ፣ ልጄ?" አሉኝ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

"በምኑ?"

"ሽማግሌ ተልኳል ሲሉ ሰማሁ። ያ ልጄም እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነሽ ቢያይሽ ጊዜ፣ 'ስንዱን ማን አገባት?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን ልበል? 'ከሽንዲ ነው አሉ' አልሁት።"

እንደ ሙሽራ! እውነት ነው፣ ባገራችን እንዲያ የምትሸፈን ሙሽራ ናት። እኔ ብጉሬን እየደበቅኩ ለሰው የተሰጠሁ መሰልኩ።

ነጠላውን ገለጥኩላቸው። ፊቴን አይተው "ውይ፣ እኔን ይድፋኝ!" ብለው ደረታቸውን ደቁ። ከዚያ አቅፈውኝ ሁለታችንም አለቀስን። "እንዲህ ሁነሽም ብትታይው ምን ነበረበት? ስለ ፊትሽ መች ጠየቀኝ? 'የት ናት?' ነው ያለኝ ገና መኪናው ሳይቆም።"

ይህን ባይነግሩኝ ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እትዬ እማዋይሽ ናቸው የገፋፉኝ። ሲስተር ሀብትነሽ የምትባል ነርስ አየችኝ። ገና ልጅ ናት፣ "አንቺ በይኝ" አለችኝ። እሷም አገጯ ላይ አንድ ቀይ ብጉር አላት! ዓይኔን ከሱ ማንሣት አቃተኝ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሎሚው ጋ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

"ቅቤስ ትቀቢያለሽ?"

"ፊቴን አልቀባም። ጭንቅላቴን ነው።"

"ጭንቅላትሽ ላይ ይቀመጣላ! አይቀልጥም?"

ከቆዳችን ሥር ቅባት የሚያወጡ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ አለችኝ። በኛ ዕድሜ ቅባቱ ይበዛል፤ መውጫ ቀዳዳው ሲደፈን እዚያው ይታጎርና ያብጣል፣ ይመግላል። ይኸው ነው ብጉር ማለት። ከላይ ደግሞ ቅቤ ሲወርድበት ይብስበታል። ቆሻሻም አይደለም፣ የፈላ ደምም አይደለም።

"ናፍቆትስ?" አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

አገጯን ነካች። "እኔ ባሌ ቤት ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት ተጣልተን ነው የወጣሁት። የማን ናፍቆት ነው ትይኛለሽ ይሄ?"

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ።

የተላጠው እስኪሽር ምንም አትቀቢ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ታጠቢ አለችኝ። ሲሽር ጠዋትና ማታ ለስላሳ ሳሙና፤ ሳትፈትጊ፣ ሳትፈገፍጊ። ማታ ደግሞ የድኝ ቅባት በስሱ፤ ቢያቃጥልሽ ወይም ቢያሳክክሽ አቁሚና ነይ። ማፍረጥ ክልክል ነው፣ ጠባሳው ከዚያ ነው የሚመጣው። ፀሐይም ጥቁረቱን ያባብሰዋልና ጥላ ያዢ።

"በሳምንት ይለቀኛል?"

"በሳምንት አጠፋልሻለሁ የሚልሽን ሰው ሽሺው። ወር አልፎ ነው ለውጡን የምታይው፤ ጥቁሩ ከዚያም ይዘገያል። እስከ መጨረሻው ላይጠፋም ይችላል፣ አንዳንዱ ይመላለሳል።"

እሷ ስለ ፊቴ ነው የምታወራው። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ያ ልጅ አሁን ጎንደር ደርሶ ይሆን? አገባች ብሎ ተኝቶ ይሆን?

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፣ ገና

ከእማየ ጋር ተጣላን። ቅቤውን ይዛ መጣች፣ አልቀባም አልኳት። "በዓል ነው እኮ! ሰው ምን ይለኛል? እናቷ ቅቤ ነፈገቻት አይልም?" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሲስተር ያለችኝን ነገርኳት። ቅቤውን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እኔ ነኛ ያጠፋሁት? እንዲበርድሽ ብዬ?" አለች።

ልቤ ተሰበረ። ሹሩባዬን ከኋላ ብቻ ቀቢኝ አልኳት፤ በግንባሬ ዙሪያ መቀነት አሠረችልኝና ከኋላ፣ ወደ ጫፉ ብቻ ቀባችኝ።

እንደዚያ ጎንበስ ብዬ፣ ፊቷን ሳላይ፣ "እማየ፣ ፊቴ የተናገረ ነገር የለም። እኔ ልናገር" አልኳት። ስለ ይሄይስ ነገርኳት። ሁሉንም። ስለ ሽንዲውም እንቢ አልኩ። አባየ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። "አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ" አለና ወደ ከብቶቹ ወጣ።

ጥር 11፣ ቅዳሜ፣ ጥምቀት

ጎረምሶቹ ሎሚ ሲወረውሩ በሩጫ ያመለጥኩ እኔ ብቻ ነኝ። ቻይነሽ መሬት ላይ ተንከባለለች በሳቅ።

ሁሉም ወደ ወደዳት ወረወረ። ናፈቀኝ ብል ምን ይጠቅመኛል።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ደብዳቤ ጻፍኩለት፣ ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። ግን በየት ይላካል? እናቱ ያላቸው አድራሻ የማሠልጠኛው ነው፣ እሱ እዚያ የለም። ለማንኛውም ላክሁት።

የቀበሌ ሱቅ ሳሙና የለም። እትዬ እማዋይሽ ከራሳቸው ከፍለው ሰጡኝ። "ያንን ፊት አደራ" አሉኝ። የልጃቸውን ዕቃ የምጠብቅላቸው ይመስል።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

ቻይነሽ ከሱዳን የመጣ ቅባት አመጣችልኝ፣ በኮንትሮባንድ። ምን እንዳለበት የሚያውቅ የለም። "በሳምንት ብርሃን ያደርግሻል" ብሏታል ሻጩ። በሳምንት! መልሼ ሰጠኋት። አኮረፈችኝ፤ ማታ ግን ሽሮውን እሷ ሠራች።

መልስ የለም።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ዛሬ መስተዋት ሳላይ ወጣሁ። ክፍል ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ።

ፊቴ እየጠራ ነው። አዲስ የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ድሮ የሚያመኝ ዓይነትም አይደለም። ሲስተር ሀብትነሽ አይታኝ "ጎሽ" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወጥቼ በዋናው መንገድ ዳር ቆምኩና… ለማን ነው? አልኩ።

ሚያዝያ 22፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበርን። የከባድ መኪና ድምፅ ሰማሁ፣ ከባሕር ዳር በኩል። አስተማሪውን አላስፈቀድኩም። ነጠላዬ ወንበሬ ላይ ቀረ።

ለራዲያተር ውሃ ነው የቆሙት። በየመኪናው ላይ ወታደር፣ አቧራ የለበሰ፣ ዝም ያለ። ከፊት ወደ ኋላ እየሮጥኩ "ይሄይስ! ይሄይስ!" አልኩ። በከተማው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የወንድ ስም እየጠራሁ! አንዱ ወታደር ሰማኝና ስሙን ተቀብሎ ለኋለኛው መኪና ጮኸ። ያኛውም ለሚቀጥለው። ይሄይስ… ይሄይስ የሚባል አለ… እያለ ስሙ እስከ መጨረሻው መኪና ሄደ። መልስ አልመጣም።

ከዚያ ክንዱ በፋሻ የታሰረ አንድ ልጅ አንገቱን አወጣ። "የዚህ አገሩን ነው? ጆሮ ትልቁን?"

"አዎ! አዎ!"

"ያ ልጅቷ ያገባችበትን?"

"አለ?"

"አለ። አብረን ነበርን፣ እሱ እዚያው ቀርቷል። ደህና ነው። እኔም ሲሻለኝ እመለሳለሁ። አንቺ ምኑ ነሽ?"

"ልጅቷ ነኝ። አላገባሁም።"

ጎንበስ ብሎ አየኝ። "እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነሽ በዓይኑ አይቶሻል እኮ! ሁልጊዜ የሚያወራው እሱን ነው።"

ሞተሩ ተነሣ። "ብጉር ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "ብጉር ወጥቶብኝ፣ ሎሚ ቀብቼ ፊቴ ተላጦ ነው የተሸፈንኩት!"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ እየወረደ። የመኪናውን ጎን ይዤ አብሬ መራመድ ጀመርኩ። "ደህና አድርገህ እየኝ" አልኩት። "ያየኸውን ንገረው።"

ቀና አልኩለት። ግንባሬ ላይ ሁለት አለ፣ ጉንጬ ላይ ጥቁሩ ገና አልጠፋም። "እሱንም ንገረው።"

እሱ አልሳቀም። ከግንባሬ እስከ አገጬ ቀስ ብሎ አየኝ፣ አደራ እንደሚቀበል ሰው። መኪናው ፈጠነና ለቀቅኩት። እስኪታጠፍ ድረስ ፊቴን አላዞርኩም።