በአራተኛው ኮምፒውተር ውስጥ ስለነበረው አሥር ቁጥር

ለክቡር ኦቦ ዲሪርሳ
የሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
ቡራዩ

ክቡር ሆይ፣ አካም ጅርቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከጠረጴዛዎ የማይለየው ማህተምዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና እናቴ እንዴት እንደከረምን ጠይቀው ስለማያውቁ እሱን አልፈዋለሁ።

ጉዳዬ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ይሳቁ፣ ግድ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ሱሉልታ ላይ ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ የሞተው ወንድሜ ዮአብ፣ በሕይወት ሳለ በማዕከልዎ አራተኛ ኮምፒውተር ላይ በነበረ ያረጀ የእግር ኳስ ጨዋታ ውስጥ የሰፈራችንን ቡድን ሠርቶ ነበር፤ የፈረንጆቹን ስም አጥፍቶ የእኛን ጻፈ፣ መልካችንን አስመሰለ፣ እናታችንን ተስፋነሽን በረኛ አደረጋት፣ ራሱን አሥር ቁጥር አለበሰ። ከሞተ በኋላ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ተቀምጣ ልጇ ሲሮጥ ታይ ነበር። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ልጄ ደክሞታል፣ ቀይሩልኝ ትላለች፤ የሚጫወቱት ወጣቶችም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ይቀይሩላታል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. በኮምፒውተሮቹ ላይ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስላስጫኑልን እናመሰግናለን። ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ፤ ጨዋታው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልከፈት አለ። ባለሙያዎ አቶ ሀሰኖም ማሽኑን እንኳ ሳይነኩ፣ ያረጀ ነገር በአዲሱ ላይ አይሠራም ብለው ገላገሉን።

2ኛ. ይሠራል! እኔ የሰበታ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምፒውተር ከማብራትና ከማጥፋት በቀር የማላውቅ ሴት፣ ፈረቃዬን ከሰው ጋር እየተቀያየርኩ ሦስት ሳምንት ኡዘይር ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ፣ የዚያኑ ጨዋታ ሌላ ቅጂ አስጭኜ አሠራሁት። አዲሱ ሲስተም እንደ አሮጌው ሆኖ እንዲሠራ የሚታዘዝበት ቦታ አለው፤ መጀመሪያ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ድምፅ ብቻ መጣ፣ በመጨረሻ ሜዳው ወለል ብሎ ታየ። ሜዳው ላይ የሚሮጡት ግን ፈረንጆቹ ነበሩ። የቀረችኝ ዮአብ ቡድኑን ያስቀመጠባት አንዲት ፋይል ናት፤ እሷም እርስዎ ዘንድ፣ አራተኛው ኮምፒውተር ውስጥ ነበረች፣ በፍላሽ ለመገልበጥ አንድ ደቂቃ የማትፈጅ።

3ኛ. ለዚያች አንድ ደቂቃ ማመልከቻ አሉኝ፣ ጻፍኩ። የድጋፍ ደብዳቤ ከቀበሌ አሉኝ፣ አመጣሁ። ከአርባ ቀን በኋላ፣ ማህተሙ ደግሞ እንዴት ያምራል፣ የፋይሉ ባለቤት መታወቂያቸውን ይዘው በአካል ቀርበው ይፈርሙ የሚል መልስ ሰጡኝ። ኧረ ጌታ ሆይ! የዮአብ የሞት ምስክር ወረቀት ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዞ ነበር እኮ።

የሚቀጥለውን ቁጥር ልስጠው አልስጠው አላውቅም። ያን ደብዳቤ ይዤ ልለምንዎ በመጣሁበት ቅዳሜ፣ አቶ ሀሰኖ ኮምፒውተሮቹ ቀርፈፍ አሉብኝ ብለው ሁሉንም ፎርማት አድርገው፣ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ደምስሰው ጠበቁኝ። ፕሪንተር እምቢ ሲል ፎርማት፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ፎርማት፤ ሌላ መድኃኒት አያውቁም፣ አንድ ቀንም ቆም ብለው ውስጡ ምን አለ ብለው አይጠይቁም። እናቴ ደጅ ቆማ ነበር። መብራት ጠፍቷል አልኳት። እስከ ዛሬ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መብራት መጣ ወይ ትለኛለች።

ለሥርዓት ያለዎትን ፍቅር እያደነቅኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ሲስተምዎም ዘወትር አዲስ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ኤልሳቤት እውነቱ
የበረኛዋ ልጅ

ግልባጭ፦ ለሰፈሩ ሁሉ፤ ለእናቴ ግን እንዳይነበብ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቱ በአካል ይቅረብ ላሉት መልስ ሳልሰጥዎ እንዳልቀር። ቀርቦ ነበር። አርባውን ቀን ሙሉ አራተኛው ኮምፒውተር ውስጥ አሥር ቁጥር ለብሶ ሲጠብቅዎ ከረመ። ፎርማት ያስደረጉት እሱን ነው።