መርዶ ያልመጣለት ፊት

ይድረስ ለናፈቅከኝ ታላቅ ወንድሜ ለተፈሪ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? የወገብህ ሕመም ተወህ ወይ? ባለቤትህ ሮዳስና ትንሿ ልጅህ የአብሥራስ እንዴት ናቸው? ጆሃንስበርግ አሁን ሙቀት ነው ወይስ ብርድ? ይህን እንኳ አለማወቄ ይከፋኛል። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም የቅዳሜ ገበያ አያመልጣትም።

አንድ ነገር ልንገርህ። መጽሐፍ እየሠራሁ ነው፤ በስዕል። ገጹ በሳጥን በሳጥን ይከፈላል፣ ታሪኩ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል። የልጆች ጨዋታ እንዳይመስልህ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጓደኛዬ አብኔር የሌላ አገር ሰዎች ስለ ጦርነታቸው የሠሯቸውን አውሶኛል። በአንዱ ሳጥን ወታደሩ ጫማውን ያስራል። በሚቀጥለው ጫማው ብቻ አለ። በመካከላቸው ያለው ነጭ ክፍተት ጣት አያህልም፤ የሆነው ሁሉ ግን እዚያ ነው፣ የሚጨርሰውም አንባቢው ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

መጽሐፉ ስለ ወንድማችን ስለ ልዑል ነው። በ1991 አንድ መኪና ሁለታችሁንም ወደ ግንባር ጫነ። ብቻህን ተመለስክ። «ተለያየን» አልከን። ከዚያ በላይ ሳትናገር ደግሞ አገር ለቀህ ሄድክ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ከጉርድ ፎቶው እያየሁ ፊቱን በትልቁ ሳልኩና ቀለሙ እንዲደርቅ በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። ጎረቤታችን ተናኜ በባጃጅ ስታልፍ አየችው። የሰው ምስል እንዲህ ጎልቶ የሚሰቀለው ለቅሶ ቤት ነውና፣ መርዶው የመጣ መሰላት። ወዲያው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው ደረሱ። ልናገር ብል ለቅሶው ድምፄን ዋጠው። ጎረቤታችን ቦሼ በአፍ መፍቻዋ በአሪኛ ታለቅሳለች፤ የምትጠራው ግን ከደርግ ጦር ያልተመለሰ ወንድሟን ነው። የሺሀረግ ባሏን። ለልዑል የመጣ ሁሉ የራሱን አነሳ።

እማዬ ከገበያ ደረሰች። ዘንቢሏን ሳታወርድ ስዕሉን ብዙ አየችው። «ልጄ ተሳለ እንጂ አልሞተም። አገጩንም ኤፍራታ አበላሽታዋለች» አለች። አንዳንዶቹ እያለቀሱ ሳቁ። ተናኜ መግቢያ ስታጣ፣ እማዬ ድንኳን ካላስተከልሽ ቀኑ አይመሽልሽም ብላ አሾፈችባት። ማንንም ግን አልመለሰችም፤ ቁጭ ብላችሁ የጀመራችሁትን ጨርሱ አለቻቸው። እሷ ብቻ አላለቀሰችም።

ሰዉ ሲሄድ ገጾቹን አሳዪኝ አለች። በአንዱ ሳጥን ሁለታችሁ ትሄዳላችሁ፤ በሚቀጥለው አንተ ብቻ። መካከሉን በጣቷ ነካችና እዚህ ጋ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ልደውልልህና ልጠይቅህ ስል እጄን ያዘችኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም አለችኝ። ለካ አንተም ስትደውል ስለ ጂንካ ዝናብ ብቻ የምትጠይቀው ለዚህ ኖሯል።

ቢያንስ መጥቶ ይንገረን ወይ አልኳት።

«የሚነግረኝን አውቀዋለሁ» አለች። «እኔ የናፈቅኩት ነጋሪውን ነው።»

ወንድሜ፣ ገጹን እንዳለ ትቼዋለሁ። ና።

ሮዳስን እንደ እህቴ ሰላም በልልኝ። የአብሥራን ጉንጯን ሳምልኝ። ቦሼ ማር አስቀምጬለታለሁ ብላለች። ተናኜም ይቅር በለኝ በዪልኝ ትላለች። እማዬ ግንባርህን ትስማለች።

እህትህ ኤፍራታ
ጂንካ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.