አራቱን ደረጃ በእጅሽ የወጣሽ ቀን

እማዬ፣ አላህ ቀብርሽን ያብራልሽ። ከተለየሽን ሁለት ረመዳን አልፏል። የልብስ ስፌት ሱቅሽን እህቴ ዘሃራ ይዛዋለች፤ በእጅ የሚዞረውን የስፌት መኪናሽን አልሸጥነውም። ኮምቦልቻ በባቡር ሐዲዱ ሥራ አቧራ ለብሳለች፤ ብታዪያት አታውቂያትም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጂሙ ነው።

ታይፎይድ ሁለት ወር አልጋ ላይ ጥሎሽ ስትነሺ ክንድሽ ከዳሽ። እግሮችሽን ፖሊዮ በልጅነትሽ ስለወሰዳቸው፣ ከአልጋ ወደ ባለሦስት ጎማ ብስክሌትሽ የሚያሻግርሽ ክንድሽ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ተሸክሜ ሱቅ አደርስሽ ጀመር። አንቺ ፊትሽን ታዞሪያለሽ፤ እኔ ግን፣ አፉ በይኝ፣ ጥሩ ልጅ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። የደሴው ሐኪም «ክንድሽን ካላሠራሽው አይመለስም» ያለሽ ዕለት ጂም ቤት ውሰደኝ አልሽኝ።

የጂሙ ባለቤት ሰይድ በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ እዚህ ያለው ጎረምሳ ነው። ቢወድቁብኝስ?»

«ወላሂ፣ ከወደቅሁ ራሴ እነሳለሁ» አልሽው። ከዚያ አራቱን ደረጃ በመዳፍሽ እየተደገፍሽ ወጣሽ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አይ ነበር።

ያን ቀን እኔና ሰይድ ከመንጠልጠያው ብረት ላይ ብንሰቅልሽ ወዲያው ለቀቅሽ። ተመላለስሽ፤ ወራት አለፉ። አንድ ማክሰኞ፣ ሻሽሽ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ የአንገትሽ ሥር ተገትሮ፣ ቀጫጭን እግሮችሽ አየር ላይ ጸጥ ብለው፣ ቀስ እያልሽ አገጭሽን ከብረቱ በላይ አወጣሽ። ክብደት የሚያነሱት ልጆች ሁሉ ብረታቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ሰይድ «ሱብሃነላህ!» አለ። ለካ ያን ሁሉ ጠዋት ጀርባዬ ላይ የነበረው እንዲህ ያለ ሰው ነው!

በማግስቱ ሰይድ ደረጃውን በዲጅኖ አፍርሶ፣ ጎማ ሽቅብ የሚወጣበት ሲሚንቶ አስፈሰሰ። የመጸዳጃውን በር አሰፋው። ከመቀመጫሽ ሳትነሺ የምትደርሺበት ሌላ ብረትም ዝቅ አድርጎ አስበየደ።

ባለፈው ሳምንት ከሐርቡ አንዲት ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ጂሙ መጣች። ማንንም ሳትጠይቅ በሲሚንቶው ሽቅብ ወጥታ ገባች። እማዬ፣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም! አንዱ ጎረምሳ እንዲያውም «ስትጨርሺ ተራው የእኔ ነው» አላት። እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ።

ልጅቷ ይህን ቤት ማን እንዲህ እንዳደረገው ጠየቀችኝ። «ዘይነባ ትባላለች፤ እናቴ ናት» አልኳት። ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ዕድሜዬን ሙሉ፣ እንዲሁ እላለሁ።