«ማን ቀረ?» እያሉ የኖሩት መምህር ኮርሳ በንቲ (1939–1991 ዓ.ም.)

መምህር ኮርሳ በንቲ ከአባታቸው ከአቶ በንቲ ሮበሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገዲሴ ማሞ በላፍቶ፣ ከጀሞ ተራራ ሥር ባለው የእርሻ መንደር፣ ሐምሌ 12 ቀን 1939 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው በ1949 ዓ.ም. ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ከቤት ይዘውት የገቡት ቋንቋ ኦሮምኛ ብቻ ስለነበር የመጀመሪያውን ዓመት ዝም ብለው እንደጨረሱ ይናገሩ ነበር። ዝም ያሉት ያን ዓመት ብቻ ነው።

በ1959 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በአርሲ ካስተማሩ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ወደ ጎፋ ተዛውረው የአማርኛ መምህር ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. እኅቴን ወይዘሮ እፀገነት ደምሰውን አግብተው ሌንሳን፣ ሲናንና ኢያቄምን ወልደዋል። መምህር ኮርሳ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ታክሲ ቆመው መጠበቅ ስለማይችሉ ከጎፋ ላፍቶ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ ሰሌዳውን ያጠፉታል፤ መገልበጥ ማንበብ አይደለም ይሉ ነበር። ወላጆች በዚህ ሲያማርሩ፣ እኛም ቤተሰቦቻቸው ወላጆቹ እውነት አላቸው እንል ነበር።

ይህ ዕረፍት ማጣት የባሰባቸው ኅዳር 1984 ዓ.ም. አባታቸው ባረፉ ጊዜ ነው። የአቶ በንቲ የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ተጽፎ በቀብራቸው ላይ ተነበበ። አንባቢው እንደጨረሰ እናታቸው በኦሮምኛ፣ «ስለ ሰውዬው ምን ተባለ?» ብለው ጠየቋቸው። ሊተረጉሙላቸው ወረቀቱን ቢያነሡት፣ ከባለቤታቸው ጎን ከአርባ ዓመት በላይ ያረሙትና ያጨዱት ወይዘሮ ገዲሴ ስማቸው እንኳ የለበትም። መምህር ኮርሳ ያን ቀን ለእናታቸው ምን ብለው እንደመለሱ ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ በክፍል የሚያስነብቡት በየቀብሩ የተነበቡ የሕይወት ታሪኮችን ሆነ። ይህ ለማን ተጻፈ? ማን ቀረ? እያሉ ተማሪዎቻቸውን ይጠይቃሉ። ልጆቹም ጥያቄውን ይዘው ወደየለቅሶው ሄዱ። በ1987 ዓ.ም. አንዲት ተማሪያቸው በሰፈር ለቅሶ ላይ ተነሥታ፣ ሟቹን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው የቤት ሠራተኛ ስም ለምን እንዳልተነሣ ጠየቀች። ዕድርተኛው ተቆጥቶ ለትምህርት ቤቱ አመለከተ። መምህር ኮርሳም ከክፍል ወጥተው የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ጠባቂ ተደረጉ። እዚያም አላረፉም፤ መጽሐፍ ሊመልስ የመጣውን ተማሪ ከመጽሐፉ ማን እንደቀረ ሳይጠይቁ አይለቁትም ነበር። በ1989 ዓ.ም. ወደ ክፍላቸው ያስመለሷቸው እነዚያው በሰሌዳው ያማርሩ የነበሩት ወላጆች ናቸው።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ታመው ሳሉ አጥብቀው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሕይወት ታሪካቸው አስቀድሞ እናታቸው በሚሰሙት ቋንቋ እንዲነበብ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ልማዳችን አይደለም ብለው ብዙ ተከራከሩ፤ እኅቴ ግን አልተበገረችም። ስለዚህ በብስራተ ገብርኤል ልጃቸው ሌንሳ በኦሮምኛ ታነባለች፤ አማርኛው ይከተላል።

ከዚህ በታች ያለው ከኅትመት በኋላ በእጅ የተጨመረ ነው። ዛሬ ጠዋት ሌንሳ ጽሑፉን ለአያቷ አነበበችላቸው። ወይዘሮ ገዲሴ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ቡዜስ?» አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ኮርሳ ሳይሆኑ ቡዜ ናቸው። ወንድማቸው ትምህርት ቤት እንዲገቡ ከብቱን መጠበቅ ለእሳቸው ተሰጠ፤ ፊደል ሳይቆጥሩ ቀሩ። መምህር ኮርሳ የሰውን ሁሉ ሲጠይቁ ኖረው ይህን አንድ ቀን እንኳ አንሥተውልን አያውቁም። በዚህ አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም። ወይዘሮ ቡዜ ይህ ሁሉ ሲባል ጓዳ ውስጥ ለለቅሶተኛው ንፍሮ ይቀቅሉ ነበር።

መምህር ኮርሳ እናታቸውን ወይዘሮ ገዲሴን፣ ታላቅ እኅታቸውን ወይዘሮ ቡዜ በንቲን፣ ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ንፍሮውን ሌላ ሰው ተረክቦ፣ ወይዘሮ ቡዜ ሲነበብ እንዲሰሙ ከእናታቸው አጠገብ ቦታ ተይዞላቸዋል። መቀመጥ ያልሆነላትን የመምህራችንን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።

ቸኮል ደምሰው፣ የባለቤታቸው ወንድም